ያልጠየቃችሁትን ነገር ስለ መዝጋት

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አዲስ ኮምፒውተር ስትከፍቱ፣ ወይም ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስትጭኑ፣ ገና ምንም ሳትነኩ ብዙ ነገር በርቶ ይጠብቃችኋል። ስታርት ሜኑ ላይ ያላመጣችኋቸው አፖች ተደርድረዋል። ታስክባሩ ጥግ ላይ ዜናና የአየር ሁኔታ ይታያል። ስክሪኑ ሲቆለፍ ምክር ቢጤ ይመጣል። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ወደሆነው ዋንድራይቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ስታርትን ተጭናችሁ የራሳችሁን ፋይል ስም ስትጽፉ ደግሞ የጻፋችሁት ነገር ወደ ማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መፈለጊያ፣ ወደ ቢንግ፣ ይሄድና የኢንተርኔት ውጤት ይዞላችሁ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ማን መረጠ? እናንተ አይደላችሁም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቡድን ተሰብስቦ «ይሄ በርቶ ይውጣ» ብሎ ወስኗል። አንዳንዱን ለእናንተ አስቦ ነው፣ አንዳንዱን ለራሱ ገበያ። ዛሬ የማወራው ያንን ውሳኔ መልሳችሁ ስለመውሰድ ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ዝጉ እንጂ አትንቀሉ። መብራት ለማጥፋት ማጥፊያውን መጫን ሲበቃ ሽቦውን ከግድግዳ መመንጨቅ አያስፈልግም። ኢንተርኔት ላይ ከምታገኙት ምክር ግማሹ ሽቦ የሚመነጭቅ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የመሰላቸት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ማስታወቂያው ያናድዳል፣ ዝጋው፣ አለቀ። እኔ ከዚያ በላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

አንዱ አውቶራን ነው። ፍላሽ ወይም ሲዲ ስታስገቡ ውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዲነሳ ያደርግ ነበር። የተሠራው ለቅን ዓላማ ነው፤ ተጠቃሚው የቱን ፋይል ልክፈት ብሎ እንዳይቸገር። ቫይረስ የሚጽፉ ሰዎች ግን ከማንም በላይ ወደዱት። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮንፊከር የሚባለው ዎርም ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ፍላሹ ከአንዱ ማሽን ተነቅሎ ሌላው ላይ ሲሰካ አብሮ ይሻገራል። ማይክሮሶፍት በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ የፍላሽን አውቶራን በአፕዴት የዘጋው በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ በዚህ በኩል የተጠበቀው ሰው፣ ማንንም ሳይጠብቅ በገዛ እጁ የዘጋው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ኤስ ኤም ቢ 1 ነው። ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩበት፣ በ1980ዎቹ የተነደፈ ፕሮቶኮል ነው። የተሻሉ ተተኪዎች ከወጡ በኋላም ምናልባት የሚፈልገው ይኖራል እየተባለ በየዊንዶውሱ ውስጥ በርቶ ቀረ። በ2016 ማይክሮሶፍት ውስጥ ይህን ክፍል የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው በይፋ «መጠቀም አቁሙ» ብለው ጻፉ። ስንቱ ሰማ? በሜይ 2017 ዋናክራይ መጣ። በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የበሽተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የገባው በዚህ ማንም ልብ ባላለው፣ አብዛኛው ሰው በማይጠቀምበት አሮጌ ነገር በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ፣ በ2017 መጨረሻ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ማሽኑን ለሌሎች የሚከፍተው የኤስ ኤም ቢ 1 ክፍል በአዲስ ጭነት አብሮ አይገባም።

ስለዚህ የማትጠቀሙበትን መዝጋት ጌጥ አይደለም። የበራ ነገር ሁሉ ኮድ ነው፣ ኮድ ሁሉ ስህተት ሊኖርበት ይችላል፣ የተዘጋ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይጠቃም።

የዋናክራይ ታሪክ ግን ሌላ ግማሽ አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ ብሄድ ጉዳት ይሆናል። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት የወጣው በማርች 2017 ነው። ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀድሞ ማለት ነው። አፕዴቱን የጫነ ማሽን፣ ኤስ ኤም ቢ 1 በርቶበትም ቢሆን፣ በዚያ ቀዳዳ አልተያዘም። እና «የማልፈልገውን ልዝጋ» ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚዘጋው ምኑን ነው? አፕዴቱን! ምክንያቱም የሚያስቸግረው እሱ ነው፣ ዳታ ይበላል፣ በሥራ መሃል «ሪስታርት ላድርግ» ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አፕዴት፣ የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርና ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ፋየርዎል ከዝርዝራችሁ ውጭ ይሁኑ።

ችግሩ ሰዓቱ ከሆነ «አክቲቭ አወርስ» የሚባል አለ፤ የምትሠሩባቸውን ሰዓታት ትነግሩታላችሁ፣ በእነዚያ ሰዓታት በራሱ ሪስታርት አያደርግም። ችግሩ ዳታ ከሆነ ኔትወርኩን «ሜተርድ»፣ በልክ የሚከፈልበት መስመር፣ አድርጉት፤ ዊንዶውስ በዚያ መስመር ላይ ማውረዱን ይቆጥባል። አፕዴቱን ለጥቂት ሳምንት ማቆየትም ትችላላችሁ። እዚያው የአፕዴት ገጽ ውስጥ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ስር፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ግን በደንብ እዩት። እናንተ ያወረዳችሁትን አፕዴት ከእናንተ ማሽን ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚልክ ነው። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ለቤት ተጠቃሚዎች ይህ በኢንተርኔት ላይ ላሉ ለማያውቋቸው ሰዎች ማሽን ጭምር እንዲልክ ሆኖ በርቶ ነበር የመጣው። በዳታ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝጉት፣ አፕዴታችሁ ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምናገረው በብዛት ስለ ዊንዶውስ 11 ነው፤ የሜኑ ስሞች ከአፕዴት ወደ አፕዴት ቦታ ስለሚቀይሩ ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ፈልጉት።

ከመጀመራችሁ በፊት «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉና አንድ የመመለሻ ነጥብ ፍጠሩ። ከዚያ ማስታወሻ ክፈቱ። የወረቀትም ይሁን የስልክ፣ ምን እንደዘጋችሁና መቼ እንደዘጋችሁ ጻፉ። ይህን ስል ፊታችሁ ላይ ስንፍና አያለሁ፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ማይክሮፎናችሁ አልሠራም ሲል የምታመሰግኑት ይህንን ማስታወሻ ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን አትዝጉ። ጥቂት ዝጉ፣ ጥቂት ቀን ተጠቀሙ፣ ቀጥሉ። ሃያ ነገር ባንዴ ዘግታችሁ አንድ ነገር ከተበላሸ የትኛው እንዳበላሸው በምን ታውቃላችሁ?

ቀላሉ ማስታወቂያው ነው። በ«ፐርሰናላይዜሽን» ውስጥ ስታርት ላይ የምክርና የአዲስ አፕ ጥቆማ የሚለውን አጥፉ፣ በሎክ ስክሪን ላይም እንደዚሁ። «ሲስተም» ውስጥ ኖቲፊኬሽን ገብታችሁ እስከ ታች ውረዱ፤ ከአፕዴት በኋላ የሚመጣውን የእንኳን ደህና መጣችሁ ገጽ፣ «ኮምፒውተርህን አዘጋጅተህ ጨርስ» የሚለውን ውትወታና ጥቆማዎቹን የሚያጠፉ ምልክቶች እዚያ ታች ተደብቀዋል። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ደግሞ «አድቨርታይዚንግ አይዲ» አለ። አፖች እናንተን ለይተው ማስታወቂያ እንዲያሳዩ የሚጠቀሙበት መለያ ቁጥር ነው። ስታጠፉት የማስታወቂያው ብዛት አይቀንስም፣ በእናንተ ልክ መሰፋቱ ይቀራል እንጂ። እኔ ብሆን ሳላስብ ነው የማጠፋው።

እዚያው ገጽ ላይ «ዲያግኖስቲክስ» አለ፣ ብዙ ሰው ቴሌሜትሪ የሚለው። ሁለት ደረጃ ነው፤ ግዴታ የሆነውና በፈቃድ የሚላከው። በፈቃድ የሚላከው የምትጎበኟቸውን ድረ ገጾችና አፖችን እንዴት እንደምትጠቀሙ ሊጨምር ይችላል። እሱን አጥፉ። ግዴታ የሆነውን ግን በሆምና በፕሮ በሚባሉት የዊንዶውስ እትሞች ላይ በሴቲንግ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፤ ማጥፋት የሚፈቀደው ለኢንተርፕራይዝና ለትምህርት እትሞች ነው። ይህ እኔን ያናድደኛል፣ አልደብቃችሁም። ከፍሎ የገዛው ግለሰብ ከድርጅት ያነሰ መብት የሚኖረው ለምንድን ነው? ግን «ሙሉ በሙሉ አጠፋላችኋለሁ» የሚል ፕሮግራም ስታገኙ ይህን አስታውሱ፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት የማይክሮሶፍትን አድራሻዎች ማገድ ነው፣ አብሮም አፕዴቱ ወይም የአፕ መደብሩ ስቶር ሊቋረጥ ይችላል።

የስታርት ፍለጋው ወደ ቢንግ መሄዱ፣ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሰው የራሱን ማሽን ሲፈልግ የሚጽፈው ነገር የግል ነው፤ የሰው ስም፣ የሕክምና ወረቀት፣ የውል ፋይል። ፕሮ ያላችሁ ሰዎች የዊንዶውስን ደንቦች የሚቀይረውን ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተርን ከፍታችሁ የመፈለጊያ ሳጥን ጥቆማን የሚያግደውን ፖሊሲ ማብራት ትችላላችሁ። ሆም ላይ ይህ ኤዲተር የለም፣ ያለው መንገድ ሬጂስትሪ፣ ዊንዶውስ ምርጫዎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ነው። ሬጂስትሪ መንካት ሥራ ነው፤ ቁልፉን ከመቀየራችሁ በፊት «ኤክስፖርት» አድርጋችሁ ቅጂውን አስቀምጡ፣ ያልገባችሁን መስመር ከየትም ገልብጣችሁ አትለጥፉ።

ፍጥነት የምትፈልጉ ሰዎች፣ እስካሁን ካልኩት አንዱም ኮምፒውተራችሁን የሚታወቅ ያህል አያፈጥነውም። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው። የሚያፈጥነው ሲነሳ አብሮት የሚነሳውን ነገር መቀነስ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ «ስታርትአፕ አፕስ» ግቡ። የሚዲያ ማጫወቻ፣ የጌም መደብር፣ የስብሰባ ፕሮግራም፣ የፕሪንተር አጋዥ፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር እኔም ልነሳ ብሎ ተሰልፏል። «ዲስኤብል» ስትሉት ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። መዝጋት ማለት ይሄ ነው፤ በሁለት ክሊክ ይመለሳል።

ዋንድራይቭ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ፋይል የሚያጣው እዚህ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ዊንዶውስ 11ን ስታዘጋጁ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ ባክአፕ ሊገቡ ይችላሉ። ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፣ ቶሎ ይሞላል፣ ከዚያ «ቦታ ግዛ» ይጀምራል። ሰውየው ተናዶ ዋንድራይቭን ያራግፋል። ዴስክቶፑን ሲያይ ባዶ ነው! ፋይሎቹ አልጠፉም፤ የዴስክቶፕ ፎልደሩ ቀድሞ ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ተዛውሮ ስለነበር እዚያ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸው ብቻ እንጂ አካላቸው ማሽኑ ላይ የለም፣ ደመናው ላይ ነው ያሉት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የዋንድራይቭ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ «ሁልጊዜ እዚህ ማሽን ላይ ይቀመጥ» የሚለውን ምረጡና ሁሉም እስኪወርድ ጠብቁ፤ ኢንተርኔታችሁ ቀርፋፋ ከሆነ ሌሊቱን ይደር። ከዚያ በዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ የፎልደሮቹን ባክአፕ አቁሙ። ፋይሎቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን በዓይናችሁ እዩ፣ ካልተመለሱ ራሳችሁ አዛውሯቸው። ከፍታችሁ ሞክሯቸው። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አካውንቱን ከማሽኑ የሚለየውን «አንሊንክ» የምትጫኑት። ሌላ ባክአፕ ከሌላችሁ ደግሞ ይህን ከመዝጋታችሁ በፊት ሌላ አዘጋጁ። ያልጠየቃችሁት ባክአፕ ቢሆንም ባክአፕ ነው፣ ዲስክ ሲሞት ማን እንዳበራው አይጠየቅም።

ሪኮልን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ማይክሮሶፍት በሜይ 2024 ያስተዋወቀው፣ በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪናችሁን ፎቶ እያነሳ በኋላ እንድትፈልጉበት የሚያደርግ ባህርይ ነው። የደህንነት ባለሙያዎች የሙከራውን እትም ሲያዩት የተሰበሰበው ጽሑፍ በቀላሉ በሚነበብ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ጩኸቱ በረታ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው «ተጠቃሚው ካላበራው አይበራም» ብሎ አሠራሩን ቀየረ፣ ትንሽ ቆይቶም መውጫውን አዘገየ፤ በሰፊው የወጣው በ2025 ነው። አሁን የሚሠራው ኮፓይለት ፕላስ በሚባሉት፣ ለኤአይ በተሠሩት ማሽኖች ላይ ሲሆን ከ«ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ዝርዝር ውስጥ ምልክቱን አንስታችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ሰው ሲናገር ዲፎልት፣ ከፋብሪካ ተመርጦ የመጣው አሠራር፣ ይለወጣል፤ ሴቲንግ ከመዝጋት ባሻገር «ይህን አልፈልግም» ብሎ መጻፍም ሥራ ይሠራል።

ይህ የዊንዶውስ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም በ2012 በ12.10 እትሙ ተጠቃሚው በማሽኑ ላይ ፋይል ሲፈልግ የአማዞን የሽያጭ ውጤት አብሮ እንዲመጣ አድርጎ ነበር። ነጻ ሶፍትዌር ነው የሚባለው ማለት ነው! የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን በይፋ ስለላ ነው አለው፣ በ2016 በወጣው 16.04 ላይ ከመጀመሪያውኑ ጠፍቶ እንዲመጣ ተደረገ። ማክ ላይ ሲሪን፣ የአናሊቲክስ መላኪያውንና ሲነሳ የሚነሱትን አፖች በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ትዘጋላችሁ፤ አብረው የመጡትን የሲስተም አፖች ግን መደምሰስ አትችሉም፣ ሲስተሙ የታሸገ ነው። አንድሮይድም ተመሳሳይ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው አፕ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ያላችሁ ምርጫ «ዲስኤብል» ነው። ይበቃል። አይነሳም፣ አይታይም።

አሁን ወደ ሽቦ መመንጨቁ ልምጣ። «ዲብሎት» የሚባሉ ስክሪፕቶች አሉ፤ አንድ መስመር ገልብጣችሁ በአድሚን ትለጥፋላችሁ፣ ሃምሳ ነገር ባንዴ ይነቅላል። አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው፣ ምን እንደሚነኩ ዘርዝረው ያስመርጣሉ፣ መልሶ ማብሪያም አላቸው። ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ስቶሩን ይነቅሉታል፣ በኋላ አንድ አፕ ስትፈልጉ ከየት ታመጡታላችሁ? የማይክሮሶፍቱን ብራውዘር ኤጅን በጉልበት ያወጣሉ፣ ብዙ ፕሮግራሞች መስኮታቸውን ለማሳየት የሚደገፉበት ዌብቪው አብሮ ይነካካል። ከጀርባ የሚሠሩትን ሰርቪሶች በጅምላ ይዘጋሉ። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ፦ የሚታተመውን ተራ የሚያስይዘው «ፕሪንት ስፑለር» ሰርቪስ። በ2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለው ቀዳዳ የተገኘበት ነው፣ ፕሪንት የማታደርጉ ከሆነ መዝጋቱ ጥሩ ነው። ግን ወደ ፒዲኤፍ «ፕሪንት» ማድረግም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ይህን የሚያውቅ ሰው ይዘጋና ችግሩ ሲመጣ ምክንያቱን ያውቀዋል። ስክሪፕት ያስኬደ ሰው ግን ፒዲኤፍ ለምን እምቢ እንዳለው እያሰበ ያመሻል።

ደግሞ እናንተ የማትፈልጉት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትጫኑ የሚመጣው «ስቲኪ ኪይስ» ጌም ለሚጫወት ሰው መቅሰፍት ነው፤ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ መጫን ለማይችል ሰው ግን ኮምፒውተር መጠቀምና አለመጠቀም ማለት ነው። ስለዚህ አቋራጭ ቁልፉን ብቻ አጥፉ። የጋራ ማሽን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

«ኤጅን ለምን ማራገፍ አልችልም?» የምትኖሩበት አገር ይወስነዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ማይክሮሶፍትን ሚዲያ ማጫወቻውን ከዊንዶውስ ጋር በማጣበቁና በሌላም ጥፋት 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በ2024 በኩባንያው ላይ ተፈጻሚ በሆነው የዲጂታል ገበያ ሕጋቸው ምክንያት ደግሞ በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ኤጅን ማራገፍ ይቻላል። ያው ፕሮግራም፣ ያው ኩባንያ! ማራገፊያው የቸገረው በቴክኒክ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ከዚያ ውጭ ያላችሁ ሌላ ብራውዘር ዲፎልት አድርጉ፣ ኤጅ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ ዝጉት፣ ተዉት።

«የዘጋሁት ነገር ተመልሶ በርቶ አገኘሁት» የሚለው ሁለተኛው ነው። አዎ፣ ይሆናል፤ በተለይ ትልቁ የዓመት አፕዴት ሲመጣ አዳዲስ ባህርያት በርተው ይገባሉ፣ አንዳንድ የቆየ ምርጫም ይለወጣል። ከእያንዳንዱ ትልቅ አፕዴት በኋላ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ገጾቹን አንድ ጊዜ ዙሩ። በግሩፕ ፖሊሲ የዘጋችሁት በሴቲንግ ከዘጋችሁት የበለጠ ይጸናል። በዚያ መንገድ ስትዘጉ ሴቲንግ ውስጥ «አንዳንዶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅታችሁ ነው» የሚል ጽሑፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ እውነቱን ነው፣ የአይቲ ክፍሉን አናግሩ፣ ዙሪያውን አትሂዱ። የራሳችሁ ማሽን ከሆነ ግን ድርጅቱ እናንተ ናችሁ፤ የቀየራችሁትን ፖሊሲ ፈልጋችሁ ወደ «ኖት ኮንፊገርድ» መልሱት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ጽሑፉ ይጠፋል።